ሰባት ቤት በካሴት

አባቴ ዘር ቆጣሪ ናቸው። በወጣትነታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ከወገራ ወጥተን እዚህ ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ረሖቮት ከተማ ከገባን በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደመወዝ ያገኙት ከብርቱካን ማሸጊያ ነው። በሰፈራችን በክፋር ግቢሮልና በዙሪያው ባሉ የእኛ ሰዎች ቤት ግን ማንም በብርቱካን አያውቃቸውም። ልጅ ከልጅ ተዋድዶ ነገሩ ወደ ጋብቻ ሲያመራ፣ ወላጆች ኡላም፣ የሠርግ አዳራሽ፣ ከመያዛቸው በፊት እኛ ቤት ይመጣሉ። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሰው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ አይጋባም። አባቴ ዓይናቸውን ይጨፍኑና የልጁንም የልጅቷንም ዘር በአባትም በእናትም እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ከተጋጠሙ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ሳይገልጡ ሰባት ቤት ከሞላ ሠርግ አለ። ስለዚህ እንግዶቻችን ሻዩን ትተው የአባቴን ሽፋሽፍት ነበር የሚጠብቁት።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎረቤታችን አዲስ ኮምፒውተር ገዛና አሮጌውን ለእኛ ሰጠን። ያኔ በየቤቱ የነበረው ዓይነት ነው፤ ወፍራም ቡናማ ኪቦርድ ሆኖ ኮምፒውተሩ እዚያው ሆዱ ውስጥ አለ። ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። የሚያስታውሰውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ደግሞ ዘፈን በሚቀዳበት በተራ ካሴት ላይ ነው፤ ለዚህም ከጎኑ በሽቦ የተያያዘ የራሱ ካሴት ማጫወቻ ነበረው። እናቴ አቧራ እንዳይነካው በነጭ ጨርቅ ሸፍና አስቀመጠችው፤ ለመጠቀም በፈለግሁ ቁጥር ማስፈቀድ ነበረብኝ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ለእናቴ ዘመዶች ዘር ሲቆጥሩ አዳልተዋል የሚል ሐሜት ተነሣ። ውሸት ነበር፤ ግን አባቴ እህል አልወርድ አላቸው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በሰፈራችን ማትናስ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ በሚውሉበት ማዕከል፣ ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ፤ ያወቅሁትን ሳላሳይ የማልውልበት ዕድሜ ነበር። "አባ፣ ለምን ማህሼቩ አይቆጥርም?" አልኳቸው። አባቴ ነጩን ጨርቅ ገልጠው ኮምፒውተሩን ዙሪያውን መረመሩት። "ማህሼቭ ዘመድ የለውም" አሉ በመጨረሻ፤ "አያዳላም።"

የትምህርት ቤቱን ዕረፍት ሙሉ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍኩ የእኛን ዘር፣ የጎረቤቶቻችንን ዘር፣ የወገራን ግማሽ አስገባን። ማሽኑ ከላቲን ፊደል ሌላ ስለማያውቅ አባቴ ለእሱ ሲሉ ላቲን ተማሩ። እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ተሰጠው፤ ከጎኑ የአባቱና የእናቱ ቁጥር ተጻፈ። የሁለት ሰዎች ቁጥር ሲሰጠው ማሽኑ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በስንተኛው ቤት እንደሚገናኙ ይናገራል። ለራሴ አንድ ቁጥርን ነበር የሰጠሁት፤ የፕሮግራሙ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ለማን እተወዋለሁ።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ያ ማሽን በእኔ ላይ ፈረደ። ከሠራዊት ስወጣ የወደድኩትን ልጅ ቤት ይዤ መጣሁ፤ ማሽኑ አምስት ብሎ ጻፈ። አምስተኛ ቤት። አባቴ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉና ነገሩ አለቀ። እኔ የገዛ ፕሮግራሜ ስህተት እንዲገኝበት እየለመንኩ መስመር በመስመር ፈተሽኩት፤ አንድም አላገኘሁም። ጥሩ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ማንንም ወደ ቤት አላመጣሁም።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ አምስት አካባቢ አርባ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ባለ አንድ ኩባንያ ሶፍትዌር እፈትሻለሁ፣ ኦሺዮት ሰፈር ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፣ እናቴ ደግሞ የማገባበትን ቀሚስ ካሰፋች ቆይታለች። የጎደለው ሰውዬው ብቻ ነበር። እሱም መጣ፤ ነርስ ነው፣ ቤተሰቦቹ አፉላ ይኖራሉ፣ ዘራቸው ከአገር ቤቱ ሰሜን ነው። ሲስቅ ትከሻው ከአፉ ይቀድማል። እሱን ካጣሁ ሌላ እንደማልፈልግ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ለእሱ አልነገርኩትም፣ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ይጠግባል።

የወገራና የሰሜን ሰው ምን ያገናኘዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጨርሱታል ብዬም ነበር። እሳቸው ግን እንቢ አሉ።

"ለሰው ልጅ ስቆጥር አፌን ያምኑኛል። ለራሴ ልጅ ስቆጥር ማን ያምነኛል? ማህሼቩ ይቁጠር።"

የእሱ አጎት፣ አፉላ ውስጥ የተከበሩ ሽማግሌ፣ የቤተሰቡን ዘር ለአንድ ተማሪ ዘመዳቸው ነገሩት፤ ተማሪው በሠንጠረዥ ጽፎ በኢሜይል ላከልኝ። ንጹሕ ፋይል ነበር። የእኛንም ከካሴቱ ወደ ላፕቶፔ ማምጣት አይከብደኝም ነበር።

"አባ፣ እዚሁ ላፕቶፑ ላይ በአንድ ደቂቃ ላመሳክረው።"

"ያ የአንቺ ማህሼቭ ነው። ያዘዝሽውን ነው የሚናገረው።"

"ያኛውንም እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ያኔ የሚያገባሽ ሰው አልነበረም" አሉ አባቴ።

እንግዲህ በሥራ ቦታዬ ፋይል በአንድ ጣት ከአገር አገር የምልክ ሴት፣ የሰውዬዬን ቅድመ አያቶች ከላፕቶፕ ወደ አሮጌው ኪቦርድ ለማሻገር ተነሣሁ። ሁለቱ ማሽኖች የሚገናኙበት አንድም ቀዳዳ የላቸውም። በመጨረሻ የገባኝ፣ አሮጌው ማሽን የሚያነብ ሳይሆን የሚሰማ መሆኑ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ድምፅ ነው፣ ቀጭን ጩኸት። ላፕቶፔ ፋይሉን ወደዚያ ጩኸት ከቀየረውና ጩኸቱን በማሽኑ ጆሮ ካፈሰስኩት፣ ካሴት የሰማ ይመስለዋል።

ለዚህ የሚሆነውን ዕቃ ያገኘሁት ከራሱ ከሰውዬው መኪና ነው። መኪናው አሮጌ ስለሆነች ሙዚቃ ከስልኩ የሚሰማው፣ ካሴት መስላ ካሴት ያልሆነች፣ ጭራዋ ሽቦ የሆነ ዕቃ ሬዲዮው ውስጥ ከትቶ ነበር። ሽቦውን ላፕቶፑ ላይ፣ ካሴት መሳዩን ማሽኑ ውስጥ ማድረግ ነው። ነቅሎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ከአፉላ እስከ ረሖቮት ያለ ሙዚቃ ነበር የሚነዳው፤ በራሱ ላይ ለሚፈርደው ማሽን ዕቃ አቀባይ መሆኑን እያነሣሁ አበሽቀው ነበር።

መጀመሪያ ሽቦውን ሳልሰካ ድምፁን ለመሞከር አጫወትኩት። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው፤ አባቴ ከመኝታ ቤት ወጡ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የልጁ ዘር ነው፣ አባ።"

ጥቂት አዳመጡ። "ሰሜኖች ድሮም ጯሂ ናቸው" አሉና ተመለሱ።

ሽቦውን ሰካሁት። ድምፁ ሲያንስ ማሽኑ ምንም አልሰማም፤ ሲበዛ ሁሉንም አበላሽቶ ሰማ። ከሥራ ስወጣ በየምሽቱ ወደ ክፋር ግቢሮል እየሄድኩ የድምፁን ቁልፍ በፀጉር ያህል ስቀንስ ስጨምር ሰነበትኩ። አባቴ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ የሞቱ ሰዎች እየተጠሩ ተጋድሞ አይሰማም ይላሉ። ከእኔ ጋር ማንም እንዳያወራ ከልክለዋል። አንድ ቀን ሁሉም ነገር ሰምሮ ግማሽ ደርሶ ሳለ እናቴ ገበያ ሆና የድምፅ መልእክት ላከች። ስልኬና ላፕቶፔ የተያያዙ ስለነበሩ መልእክቱ ሲደርስ የተሰማችው ደወል በሽቦው አልፋ ማሽኑ ውስጥ ገባች፤ ማሽኑም ስህተት ብሎ ቆመ። መልእክቱን ከፈትኩት፤ "ድንች ልግዛ ወይስ ቤት አለ?" ትላለች።

"ምን ሆነ?" አሉ አባቴ።

"ድንች አራተኛው ቤት ላይ ገባ።"

አባቴ አልሳቁም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉኝና እንደገና እንድጀምር በእጃቸው አመለከቱ። እኔም ስልኬን አጥፍቼ ጀመርኩ።

ፋይሉ ሙሉ በሙሉ የገባው እሱ ራሱ ቤት በነበረበት ቀን ነው። እናቴ ጥሩውን ስኒ አውጥታ ነበር። የእኔን አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎም በእነሱ ፋይል ላይ የተሰጠውን የእሱን ሁለት ቁጥር ጻፍኩ። ማሽኑ ብዙም ሳይቆይ አንድ ብሎ መለሰ።

"አንድ ቤት" አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"ምን ማለት ነው?" አለ እሱ።

"በአባት አንድ ናችሁ ማለት ነው" አልኩት። ራሴ የምለው ለራሴ አልገባኝም ነበር።

እናቴ የሻዩን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች። ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከተጋቡ ጀምሮ አባቴን አንቱ ስትል ነው የኖረችው።

"አንተ" አለች። "ለጨው ብለህ ወደ ሰሜን ወጥተህ ከወር በላይ የከረምክበት ጊዜ ነበር።"

"ኧረ ሴትዮ፣ በቅሎዋ እግሯን ታማ ነው። ያኔውኑ ነግሬሻለሁ።"

"በቅሎዋን አምኜ ነበር" አለች እናቴ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ምስኪኑ ሰውዬዬ ስልኩን አውጥቶ አባቱ አፉላ በሕይወት እንዳሉ፣ እሱን ቁርጥ እንደሚመስሉ ለማስረዳት ፎቶ አሳያት። እናቴ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ የአባቴን አፍንጫ አየች፤ እንደገና ፎቶውን። እኔ በዚህ መሐል ጭንቅላቴን ይዤ ቁጥሮቹን እያየሁ ነው። ያኔ ገባኝ። እኛም እነሱም የጀመርነው ከአንድ ነው። የእነሱ ፋይል ሲገባ የእኛን ሰዎች እየገፋ በየቁጥራቸው ላይ ተቀምጧል። አንድ ቁጥር አሁን እኔ አይደለሁም፣ የእሱ ታላቅ እህት ናት። ማሽኑ ልክ ነው፤ እህትና ወንድም በአባት አንድ ናቸው።

ይህን ለእናቴ በአማርኛም በዕብራይስጥም አስረዳኋት። "ቤሰደር" አለች፣ ገባኝ እንደማለት። ያም ሆኖ ለሳምንት ያህል አባቴ ሻይ ሲጠጡ በጎን አፍንጫቸውን ታይ ነበር። አባቴም ሳይጠየቁ የበቅሎዋን ሕመም ደጋግመው ተረኩልን።

የእነሱን ቁጥሮች በሙሉ ከሺህ እንዲጀምሩ አድርጌ እንደገና ወደ ድምፅ ቀየርኩት። ጊዜው አጥሮ ነበር፤ የእሱ ሽማግሎች እሑድ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ እናቴ ጎረቤት ሄዳለች። ካሴት መሳዩን ከተትኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ አባቴ ጀርባቸውን አቀኑ። የሰሜን ሰዎች አንድ በአንድ አለፉ። ደወል የለ፣ ድንች የለ። ሲያልቅ ሁለቱን ቁጥሮች ሰጠሁት።

ማሽኑ በጣም ዘገየ። መዘግየቱ ደስ አለኝ፤ ብዙ ቤት እየወጣ ነው ማለት ነው። አምስት እንዳለፈ ገመትኩ፣ ስድስት እንዳለፈ ገመትኩ። ሠርጉ በልቤ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ጻፈ። በእኔ በኩል ሰባት፣ በእሱ በኩል ስምንት።

"ስሟን አውጪው" አሉ አባቴ። ሴት መሆኗን እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኋቸውም። አወጣሁት። አነበቡትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሷ ናት። ወገራ አግብታ ወልዳ ፈታች፣ ሰሜን ሄዳ ደግማ አገባች። አንድ ቦታ የማትቀመጥ ሴት ነበረች ይባላል።"

አንዱ ወገን ሰባት፣ ሌላው ስምንት ሲሆን ሽማግሎች ይለያያሉ። ረጅሙን ቆጥረው የሚፈቅዱ አሉ፤ አጭሩን ቆጥረው የሚከለክሉ አሉ። አባቴ አጭሩን ነው የሚቆጥሩት። እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ አንዲት እናት እያለቀሰች፣ "ሰባት ማለት ሰባት ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የምለምነው ነገር አልነበረኝም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። በዚህ ዕድሜዬ ከአባቴ ፊት በፍቅር ምክንያት ማልቀስ ያሳፍራል ብዬ አስቤ ነበር፤ አላሳፈረኝም።

ቴሌቪዥኑ ላይ በልጅነቴ የጻፍኩት ጥያቄ ብልጭ ድርግም ይላል።

"አሁን ምን ይላል?" አሉ አባቴ።

"ካሴቱ ላይ ይቀዳ ወይ ነው የሚለው።"

"ካልተቀዳስ?"

"ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።"

አባቴ ጥያቄውን ጥቂት ተመለከቱት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ወደ ግድግዳው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉና ሽቦውን ነቀሉት። ቴሌቪዥኑ ባዶ ሆነ።

"ሰንበት ሊገባ ነው" አሉ።

"አባ፣ ገና ፀሐይ አለ እኮ።"

"ዛሬ ቶሎ ይግባ።"

ፋይሉ ላፕቶፔ ውስጥ እንዳለ ነው፤ እሳቸውም አላወቁ አይሆንም። አልጠየቁኝም፤ እኔም ላፕቶፑን ዘጋሁ። ቅዳሜ ለጸሎት ሄዱ፣ ተመለሱ፣ በሉ፣ ተኙ። እሑድ ምን እንደሚሉ አላወቅሁም። ሽቦ መንቀል አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር ሌላ ነው፣ አባቴ ደግሞ ሐሰት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ሽማግሎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ከፊት የእሱ አጎት ነበሩ። ተቀመጡ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ከአፉላ ስላለው መንገድ ተጠያየቁ። ሰውዬዬ ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ የዓርቡን አልነገርኩትም። እናቴ የእልልታዋን ትንፋሽ ይዛ ከጓዳው በር አትነቃነቅም። በመጨረሻ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጅዎን ለልጃችን ለመጠየቅ ነው የመጣነው። ዘሩስ፣ አባታችን፣ ተቆጠረ ወይ?"

አባቴ ተቀምጠው መመለስ ሲችሉ ተነሥተው ቆሙ።

"ተቆጠረ" አሉ። "እስከ ስድስት ቤት አይገናኙም። ከዚያ በላይ ግን እኔ አላውቅም።"

አባቴ ስለ ዘር ተጠይቀው አላውቅም ሲሉ እኔ ሰምቼ አላውቅም፣ እናቴ ሰምታ አታውቅም፣ በክፋር ግቢሮል የሰማ ሰው የለም። አፉላም ዝናቸው ደርሷል። ፊታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸውን ከአጎትየው ዓይን ሳያነሡ ቆመው ቀሩ።

አጎትየው ተመለከቷቸው። ያን ሁሉ ዘር፣ ወገራ ፈትታ ሰሜን ያገባችውን ሴት ጭምር፣ ለተማሪው በገዛ አፋቸው የቆጠሩለት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ከአባቴ ፊት ለፊት ተነሥተው ቆሙ።

"እኛም ከዚያ በላይ አናውቅም" አሉ።